ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

ነገሩ ትንሽ ነው። ግን ወራት ካለፉ በኋላም ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

የምኖርበት ሕንፃ የነዋሪዎች ማኅበር አለው። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሁላችንም የምንጠቀምበት ዕቃ ቤት ነበረን፤ ብስክሌት፣ የተሰበረ ወንበር፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ካርቶን የሚታጎርበት። ኮሚቴው አንድ ቀን ተነሥቶ ክፍሉን አስጸዳው። ለልጆች ማንበቢያ ሊያደርገው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነው። የማይረባ የመሰለው ሁሉ ተጠራርጎ ወጣ። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው መጥቶ ጭኖት ሄደ።

ከተጫነው መሃል አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ጡረታ የወጡ አናጢ ጎረቤታችን የሥራ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበት። መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ መላጊያ። መላጊያዋን አንዴ አይቻታለሁ። እጀታዋ ከመያዝ ብዛት ተበልቶ የአውራ ጣታቸውን ቅርጽ ይዞ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ መጡ። አልጮኹም። ሰብሳቢው በአክብሮት «ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ፤ ለልጆች ብለን እኮ ነው» አላቸው። አንዷ ነዋሪ «አብዛኛው ሰው ተስማምቶበታል» አለች። ሌላው ደግሞ «ዋጋውን ይንገሩንና አዋጥተን እንክፈልዎት» አለ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ክፍሉ የጋራ ነው። ሣጥኑ ግን የኔ ነበር። የኔን ዕቃ ሳትጠይቁኝ ማውጣት ትችላላችሁ የሚለው የት ነው የተጻፈው? እሱን አንብቡልኝ።»

መተዳደሪያ ደንቡ እኔ እጅ ነበር። ገለጥኩት። ስለ ጽዳት ይላል። ስለ ድምፅ ይላል። ስለ ወርሃዊ መዋጮ ይላል። እሳቸው የጠየቁት ነገር ግን የለም። «የለም» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላዬ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና «አሁን ለአንድ ሣጥን!» ሲል ሰማሁት።

ይቺ «ለአንድ ሣጥን» የምትለዋ ነች የከነከነችኝ።

## የዋጋ ጥያቄ አልነበረም

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን ሂሳቡን ቆም ብዬ አሰብኩት። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ እጅ ውስጥ የምትገባ ቁራሽ ናት። ሰውዬው ግን የሚያንገበግበኝ የጭብጦዬ ነገር ነው ይላል። በቅሎዋ ስትሄድ ክርክር ነበር፤ ዳኛ ነበር፤ እሱም የበኩሉን ተናግሮ ነው የተረታው። ጭብጦዋ ስትሄድ ግን አንድ ጉልበት ያለው ሰው እጁን ሰደደ፣ ወሰደ፣ አለቀ። በቅሎውን በፍርድ ያጣ ሰው ነገ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ጭብጦውን የተነጠቀ ሰው ግን ነገ ምኑ እንደሚወሰድበት አያውቅም። እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው።

ክላሲካል ሊበራሊዝም የሚባለውን፣ የሰው ነጻነትና ንብረት ከባለሥልጣን ጉልበት በሕግ ይጠበቅ የሚለውን አስተሳሰብ፣ የፈላስፎቹን የእነ ሎክን፣ የእነ ሂዩምን፣ የእነ ስሚዝን ማለቴ ነው፣ ብዙ ሰው የሀብታም ፍልስፍና አድርጎ ያየዋል። ንብረት ንብረት ስለሚል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ዋና ጥያቄው ማን ምን ያህል አለው የሚል አይደለም። ያለውን ማን፣ በምን ሥልጣን፣ ማን ፊት ቀርቦ ሊወስድበት ይችላል ነው የሚለው። ጆን ሎክ ሕግ በሌለበት ነጻነት የለም ሲል አብሮ የሚለው ነገር አለ። ነጻ መሆን ማለት ሌላ ሰው ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ እያለ እንዳሻው የማያዝብህ መሆን ነው። ሎክ ያስጨነቀው ሰውየው ክፉ ይሁን ደግ አይደለም። «እንዳሻው» የሚለው ነው።

በስብሰባው የተሰጡትን መልሶች በዚህ ዓይን ስመለከታቸው አንዳቸውም ለጥያቄው መልስ አልነበሩም። «ለልጆች ነው» ዓላማውን ይነግረናል እንጂ ሥልጣኑን አይነግረንም። «አብዛኛው ተስማምቷል» የሚለውም ያው ነው። ሣጥኑ የአብዛኛው አልነበረምና። የክፍያው ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ እመለስበታለሁ።

## የኤንቲክ መሳቢያዎች

የሽማግሌው ጥያቄ ሌላ ሰው ሲጠይቀው የሰማሁት ያህል ነበር የተሰማኝ። ቤቴ ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1762 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ናታን ካሪንግተን የሚባል የንጉሡ መልእክተኛ ሦስት ባልደረቦቹን ይዞ የጆን ኤንቲክ ቤት ያለ ፈቃዱ ገባ። ኤንቲክ ጸሐፊ ነው። መንግሥትን በሚነቅፍ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል ተብሎ ተጠርጥሯል። ሰዎቹ አራት ሰዓት ያህል ቤቱን ሲያምሱ ቆዩ። የክፍል በሮችን ሰበሩ፤ የመሳቢያ ቁልፎችን ገነጠሉ፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ፤ የፈለጉትን ወሰዱ። በእጃቸው የሚኒስትሩ የሎርድ ሃሊፋክስ የብርበራ ትእዛዝ ነበር።

ኤንቲክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግቢዬን ጥሰው ገብተዋል ብሎ መልእክተኞቹን ከሰሳቸው። ልክ አጥሩን የዘለለ ጎረቤት እንደሚከሰሰው። እኔ ይህን ድፍረት እወደዋለሁ። የንጉሡ ሰዎች ናቸው፣ የሚኒስትር ወረቀት ይዘዋል፤ እሱ ግን እንደማንኛውም ድንበር ተላላፊ ቆጠራቸው።

በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን ፍርድ ሰጠ። ተከሳሾቹ ብዙ መከራከሪያ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል፣ ማንም ተቃውሞት አያውቅም አሉ። የካምደን መልስ ከባድ ነው። ሰዎች ዝም ያሉት ጥፋተኛም ድሃም ስለሆኑ፣ ኃይልንና ቅጣትን ፈርተው ነው፤ ዝምታቸው ሕግ አይሆንም አለ። ለመንግሥት ደኅንነት ያስፈልጋል ለሚለውም የአገሩ ሕግ እንዲህ ያለውን ምክንያት አያውቀውም አለ። ከዚያ ዛሬም የሚጠቀሰውን ተናገረ፦ ሕግ ከሆነ መጻሕፍታችን ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ካልተገኘ ሕግ አይደለም። ለኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሳ ተፈረደለት።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ሸክሙ የወደቀበት ቦታ ነው። ኤንቲክ ወረቀቶቹን መሳቢያው ውስጥ ማኖር የሚፈቅድለት ሕግ አላመጣም። እንዲያመጣም አልተጠየቀም። ማሳየት የነበረባቸው የሰበሩት ናቸው። የግል ሰው ያልተከለከለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል። ባለሥልጣን ግን የተፈቀደለትን ብቻ ነው የሚያደርገው። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። ባለቤቱ «ፈቃድህን አሳይ» ይባላል፤ የሚያፈርሰውን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ሌላም ነገር አለ። የኤንቲክ ጉዳይ በስሙ የንብረት ክስ ነው። መሳቢያዎቹ ውስጥ የነበረው ግን ሐሳብ ነው። ንብረትን ከነጻነት ለይተው «የመጀመሪያው ለነጋዴ፣ ሁለተኛው ለሁላችን» የሚሉ ሰዎች ይህን መሳቢያ ቢያስቡት ደስ ይለኛል። ወረቀቱ የራሱ ካልሆነ፣ በሩ የራሱ ካልሆነ፣ የሚጽፍ ሰው ምኑን ይዞ ነው የሚጽፈው? የመናገር መብት የሚኖረው የሆነ ቤት ውስጥ፣ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ነው።

## መጽሐፍ ላይ የሰፈረ ሁሉ

ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ሰብሳቢው ወደኔ መጣ። ቅን ሰው ነው፤ ነገሩ አሳፍሮታል። «ይሄ ሁለተኛ እንዳይደገም ደንቡ ላይ አንድ ነገር እንጨምር» አለኝ። የጻፈውንም አሳየኝ። «ኮሚቴው ለጋራ ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ማንኛውንም እርምጃ ሊወስድ ይችላል» ይላል።

ዋናው ነገር የመጣልኝ ያኔ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብትጸድቅ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌው «የት ተጽፏል?» ሲሉ ገጹን ገልጬ አነብላቸው ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። የካምደንን ፈተና ያለፈ ይመስላል። ግን ምኑ ተለወጠ? ኮሚቴው ያው እንዳሻው ነው፤ አሁን ግን «እንዳሻው» በቁጥር የተጻፈ አንቀጽ ሆነ። አልፈልገውም አልኩት። ለምን እንደሆነ ሳስረዳው አመሸን።

የኢኮኖሚ ሊቁ ፍሪድሪክ ሃየክ በ1944 የጻፈው ነገር እዚህ ይገባል። የሕግ የበላይነት ማለት መንግሥት በሚያደርገው ሁሉ አስቀድሞ በተነገረና በጸና ደንብ መታሰሩ ነው ይላል። ጥቅሙ ሰው ባለሥልጣኑ ሥልጣኑን በምን ሁኔታ እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ገምቶ ኑሮውን ማቀድ መቻሉ ነው። «አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው» የሚል አንቀጽ አንብቦ የሚያቅድ ሰው የለም። ማቀድ የሚችለው የኮሚቴውን ፊት በማየት ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ሰውን ቀስ በቀስ ደጅ ጠኚ ያደርገዋል።

ነገሩ ከሕንፃ ደንብ በላይ ሲሆን አስፈሪ ነው። በመስከረም 1850 የአሜሪካ ኮንግረስ ያመለጡ ባሮችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። በሥርዓቱ የወጣ፣ የታተመ፣ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ሕግ። አምልጧል የተባለው ሰው ስለ ራሱ እንዳይመሰክር ይከለክላል። ጉዳዩን ተራ ዜጎች ሆነው የሚፈርዱ ዳኞች አያዩትም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየው ለጌታው ይመለስ ካለ 10 ዶላር ይከፈለዋል። ነጻ ነው ካለ 5 ዶላር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ንብረት መብት አብዝተው የሚናገሩ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ፍሬዴሪክ ባስቲያ የሚባል የምክር ቤት አባል በሳንባ በሽታ እየተሠቃየ ስለ ሕግ አንድ ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ዓመቱ ሳያልቅ ሞተ። ሕግ የሚኖረው ዘረፋን ለመከልከል ነው፤ ግን ራሱ ዘራፊ ሊሆን ይችላል ይላል። መለያውንም ይሰጣል። ሕጉ ከአንዱ ነጥቆ የራሱ ላልሆነው ለሌላው ይሰጣል ወይ? አንድ ዜጋ በራሱ እጅ ቢያደርገው ወንጀል የሚሆንበትን ነገር ሕጉ ያደርግለታል ወይ? ባስቲያ በምሳሌነት ከጠቀሳቸው አንዱ የአሜሪካን ባርነት ነው።

ይህ የሊበራሎቹ ወገን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ማንኛውም ሰው የገዛ ራሱ ባለቤት ነው ያለው ሎክ በባሪያ ንግድ በሚተዳደረው የሮያል አፍሪካን ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። በእንግሊዝ ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የራሷ እንዲሆን እስከ 1870 መጠበቅ ነበረባት፤ ንብረቷ ሙሉ በሙሉ የራሷ የሆነው በ1882 ሕግ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን «ንብረት ቅዱስ ነው» ይባል ነበር። ከዚያው ወገን ግን የተቃወሙም ነበሩ። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1851 ሲያገባ ሕጉ በሚስቱ ንብረትና ሰውነት ላይ የሚሰጠውን ሥልጣን አልቀበልም ብሎ በጽሑፍ ፈረመ። ሐሳቡን እስከ ጥጉ የሚወስዱት ሰዎች ሁልጊዜም ጥቂት ናቸው።

## ስድስት ሳንቲም

ወደ ክፍያው ልመለስ። «ዋጋውን ይንገሩን» ሲባሉ ሽማግሌው ለምን ተከፉ? ገንዘቡ በቅንነት ነበር የቀረበው።

ይህን ከፍሬድሪክ ዳግላስ በላይ ያስረዳኝ የለም። ዳግላስ ባልቲሞር ውስጥ ባሪያ ሆኖ የመርከብ ስንጥቅ ሲደፍን ይውል ነበር። ሥራውን ራሱ ይፈልጋል፣ ራሱ ይዋዋላል፣ ራሱ ይሠራል። ቅዳሜ ማታ ግን ደመወዙን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለጌታው ለሂዩ ኦልድ ይቆጥርለታል። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንደሚለው፣ 6 ዶላር ባመጣለት ጊዜ ጌታው አንዳንዴ 6 ሳንቲም ይሰጠዋል። ለማበረታቻ ነው። ዳግላስ ግን ተቃራኒው ነው የተሰማው። ጌታው ሳንቲሟን ሲሰጠኝ ገንዘቡ በሙሉ የኔ መሆኑን ያመነ ያህል ቆጠርኩት ይላል።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም ቆም እላለሁ። ጌታው ቸር የሆነ መስሎታል። ግን የሰው ገንዘብ ይዞ ቆርሶ መስጠት ቸርነት አይደለም። ስጦታ ለመስጠት መጀመሪያ ባለቤት መሆን ያስፈልጋል። ዳግላስ በ1838 አምልጦ ኒው ቤድፎርድ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን መርከብ ላይ ዘይት የመጫን ሥራ አገኘ። አዲስ፣ ቆሻሻና ከባድ ሥራ ነበር። ግን በደስታ ሠራው። ገንዘቡን ልክ እንዳገኘ ቆሞ የሚጠብቅ፣ የሚቀማው ሰው የለማ።

የኛ ጎረቤት ነገር ከዳግላስ መከራ ጋር አይወዳደርም። አላወዳድረውምም። ግን ክፍያ መቼ ክፍያ እንደሚሆን ያየሁት በዳግላስ ነው። አንድ ሰው ዕቃህን ሽጥልኝ ብሎ መጥቶ እምቢ ማለት የምትችል ከሆነ፣ የሚሰጥህ ገንዘብ ዋጋ ነው። ከወሰደ በኋላ፣ ራሱ በመረጠው ጊዜ፣ ራሱ በገመተው ልክ የሚሰጥህ ግን ሌላ ነገር ነው። ዴቪድ ሂዩም ኅብረተሰብ ከሚቆምባቸው ሦስት ነገሮች አንዱን በስምምነት ማስተላለፍ ብሎታል። ሌሎቹ የይዞታ መጽናትና የገቡትን ቃል መጠበቅ ናቸው። ገንዘብ ስምምነትን አይተካም።

## ለሕዝብ ጥቅም

ታዲያ መንገድ እንዴት ይሠራ? ይህን ጥያቄ አልሸሸውም። አንድ ሰው አልሸጥም ስላለ ከተማ ሙሉ ውኃ ላያገኝ ይችላል። የ1789ኙ የፈረንሳይ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በመጨረሻው አንቀጹ ንብረት የማይደፈርና ቅዱስ መብት ነው ይልና መውጫ በር ያስቀምጣል። በሩ ግን ጠባብ ነው። የሕዝብ አስፈላጊነት በሕግ መረጋገጥ፣ በግልጽም መታየት አለበት፤ ካሳው ፍትሐዊ መሆን አለበት፤ ደግሞም አስቀድሞ መከፈል አለበት። የኔ ልብ ያለው «አስቀድሞ» የሚለው ላይ ነው።

በሩ ሲሰፋ ምን እንደሚመጣ ኒው ለንደን ላይ ታይቷል። ኮነቲከት ግዛት ያለች ከተማ ናት። የከተማዋ አስተዳደር የአንድ ሰፈር ቤቶችን ወስዶ ለግል አልሚዎች ሊሰጥ ወሰነ፤ አጠገቡ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር የምርምር ማዕከል እየሠራ ነበር። ሥራ ይፈጠራል፣ ግብር ይጨምራል ተባለ። ሱዜት ኬሎ የምትባል ነርስ ቤቴን አልለቅም አለች። ከሌሎቹ ከሳሾች አንዷ በ1918 እዚያው ቤቷ ውስጥ የተወለደች አሮጊት ነበረች። ካሳ አልከፍልም ያለ የለም። ጥያቄው መውሰድ ይቻላል ወይ ነበር። በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ይቻላል አለ። የኢኮኖሚ ልማት ራሱ የሕዝብ ጥቅም ነው ተባለ።

ከተቃወሙት ዳኞች ኦኮነር የተናገረችው ያስደነግጣል። በዚህ አያያዝ ከዚህ በተሻለ ገንዘብ ሊያስገባ የሚችል ሰው እስካለ ድረስ የማንም ቤት አይተርፍም። ቶማስ ደግሞ ሸክሙ የሚወድቀው ድሃ ሰፈሮች ላይ ነው አለ፤ መሬታቸው ጥሩ ገቢ የማያስገባውም፣ ጉልበት የሌላቸውም እነሱ ናቸውና። ያ የሀብታም ፍልስፍና የተባለው ነገር እዚህ የቆመው ለነርሷና ለአሮጊቷ ነበር።

ፋይዘር በ2009 ከተማዋን ለቅቆ እንደሚወጣ አስታወቀ። የታቀደው ግንባታ አልተሠራም፤ መሬቱ ለዓመታት ባዶውን ቆየ። ግን ይህን እንደ ማስረጃ መጠቀም አልፈልግም። ልማቱ ቢሳካና ሰፈሩ በመስታወት ፎቅ ቢሞላ ኖሮስ? ፍርዱ ትክክል ይሆን ነበር? አይመስለኝም። እንዲህ ያለውን መብት ውጤት እየጠበቅን ከለካነው፣ እያንዳንዱ ነጣቂ የወደፊቱን ጊዜ ምስክር አድርጎ ይመጣል።

ከፍርዱ በኋላ ሕዝቡ ተቆጣ። ከ40 በላይ ግዛቶች ሕጋቸውን አሻሻሉ። አንዳንዶቹ ለኢኮኖሚ ልማት ብሎ መውሰድን ጨርሰው ከለከሉ። ብዙዎቹ ግን «የተጎሳቆለ ሰፈር ከሆነ ይቻላል» የሚል ክፍተት ተዉ፤ የተጎሳቆለ የሚባለው የቱ እንደሆነም ሰፋ አድርገው ጻፉት። እኔ አሁን ዓይኔን ከዚህ ክፍተት ላይ አላነሳም። በየትኛውም አገር አዲስ የመሬት ወይም የንብረት ሕግ ሲወጣ መጀመሪያ የምፈልገው የካሳውን ቁጥር ሳይሆን ይህን ነው፦ «የሕዝብ ጥቅም» ምን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው፤ ያ ሰው ከሚወሰደው ንብረት የሚያገኘው ነገር አለ ወይ፤ ባለቤቱስ በሩ ከመሰበሩ በፊት ማን ፊት ቀርቦ ይከራከራል?